ደጄን እንዳትረግጥ

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለቄስ ወልደ ሚካኤል፤
ደሴ

እንደምን ሰንብተዋል አባባ? ጉልበትዎ ለብርዱ እንዴት ሆነ? እቴቴ ሰርክአዲስስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ኮምቦልቻ እንደሚያውቋት ናት፤ እናንተ ጋቢ ስትደርቡ እኛ መስኮት እንከፍታለን።

ደብዳቤዎን ሾፌሩ ጸጋው ከሚኒባሱ ሳይወርድ በመስኮት አቀበለኝ። "ቄሱ ዛሬ ተቆጥተዋል መሰለኝ፣ ፖስታው ከብዷል" ብሎ ሳቀብኝ። እውነትም ከብዶ ነበር። ጆሮዎ ከደከመ ወዲህ ስልኩን ትተው ወደ ብዕር መመለስዎን እወደዋለሁ፤ ቁጣዎ በስልክ ቢሆን ደጋግሜ አላነበውም ነበር። መልሱን በማዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ። ፋብሪካው የሌሊት ተረኛ አድርጎኝ፣ ቀኑን በእንቅልፍ እየጨረስኩት ነው።

"ከእድር ምን አገባሽ?" ላሉኝ፣ ጸሐፊ ሆኜ ተመርጫለሁ። የእጅ ጽሑፏ ያምራል ተብዬ ነው። ጽሑፉ ደግሞ የእርስዎ ነው፤ አባቴ ሞቶ ቤትዎ ከገባሁ ጀምሮ በልምጭ ያስተማሩኝ። ስለዚህ ጥፋቱን እንካፈላለን።

በእድሩ ትልቅ ክርክር ተነሥቷል። ሰፈራችን ውስጥ ጫት ቤት አለ። ግማሹ ሰው "ይዘጋ፣ የሚሸጥም የሚቅምም ከእድር ይውጣ" ይላል። ግማሹ "በሕግ ያልተከለከለውን እኛ ማን ሆነን እንከለክላለን? ቢከለከልስ በጓሮ አይሸጥም ወይ?" ይላል። ሰብሳቢያችን ጋሽ ገበየሁ መላ ሲጠፋው እርስዎን አነሣ። "ቄስ ወልደ ሚካኤል በሚካኤል ስም ግዝት ይጣሉልን። ፖሊስ የማይፈራ እንኳ ግዝት ይፈራል፤ ሙስሊሙም ቢሆን የእሳቸውን ቃል አይረግጥም" አለ። እንድጠይቅዎ ታዝዣለሁ፤ ይኸው ጠየቅኩ።

ስለ ልጅዎ ስለ ብሩ ለጠየቁኝ፣ በሕይወት አለ። ለዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ ሥርጉት

ደሴ፣ ጥቅምት ፳፭ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሥርጉት፤

የመልአኩ ጥበቃ አይለይሽ። እኛ ደኅና ነን። ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል፤ ቅዳሴውን በመቋሚያ እቆማለሁ፣ ሌላው እንዳለ ነው።

"በሕይወት አለ" የምትለውን ቃል ለሰርክአዲስ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አልመለሰችልኝም፤ ወይም መልሳ እኔ አልሰማሁ ይሆናል። ብድግ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ጎመን ልትቀነጥስ መስሎኝ ነበር፤ ባዶ እጇን ተመለሰች። አንድ ልጇ ነው። ያለበትን እንደምታውቂ ሁለታችንም ገብቶናል፤ ለምን እንደደበቅሽን ግን አልገባንም።

በጸጋው አፍ "ለቅጠል ግዝት አይበዛም ወይ?" ብለሽ ልከሽብኛል። አይበዛም። ብሩ ዲያቆን ሳለ ሲያዜም ታስታውሻለሽ፤ ሰው የያዘውን ጧፍ ረስቶ እጁ ላይ ይቀልጥበት ነበር። ጆሮዬ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ሲጥል ያንን አልጣለም። ጫት ሲጀምር "ለጥናት ነው አባ፤ ሕግ አልከለከለው፣ ገበያ ላይ ከሰላጣ ጎን ይሸጣል" አለኝ። እውነቱን ነበር። ለጥናት የተጀመረው ለወሬ ሆነ፤ ከወሬው ምርቃና የሚሰብር መጠጥ መጣ፤ ከመጠጡ ሐሺሽ፣ ከሐሺሹ ክኒን። ከመቅደስ ወጣ፣ ከኮሌጅ ወጣ፣ በመጨረሻ የእናቱን የክት ነጠላ ለመሸጥ ይዞ ወጣ። ያን ጊዜ ደጃፌ ላይ አቁሜ "ይህን ቅጠል በጉንጭህ ይዘህ ደጄን እንዳትረግጥ፤ በሚካኤል ገዝቼሃለሁ" አልኩት። ሄደ። ግዝቱን አፍርሶ ቅጠሉን መረጠ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

እና ቢፈቀድ ምን ይጎዳል የሚለውን ሰው ወደ እኔ ላኪው። የእኔ ልጅ የጠፋው በተፈቀደ ነገር ነው። ለገበየሁ ንገሪው፤ ግዝቱን እጽፋለሁ።

አባትሽ ቄስ ወልደ ሚካኤል

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፤

እንደምን ከርመዋል? እቴቴ "ስለ ልጄ አንድ ቃል" ብላ በጸጋው የላከችው በርበሬ ደርሶኛል። በርበሬ ተቀብዬ ዝም ማለት ስላልቻልኩ፣ ሲያስጨንቅዎት የከረመውን ልመልስ።

ብሩ ያለው እኔው ሰፈር ነው። እንዲዘጋ እድሩ የሚከራከርበት ጫት ቤት ውስጥ ነው ያለው። ይቀመጡና ቀሪውን ያንብቡ።

ባለቤቷ ከድጃ ትባላለች፤ የሐርቡ ሴት ናት፣ ባሏ የሞተባት። እኔ መጀመሪያ ልሰድባት ነው የሄድኩት፤ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። ባዶ ሆዱን የመጣን አታስቀምጥም፤ መጀመሪያ ዳቦ ታበላዋለች። የተማሪ ልብስ የለበሰ መደቧ አጠገብ አይደርስም። ክኒን ከኪሱ የተገኘበትን፣ ትልቅ ሰው ይሁን ትንሽ፣ ጆሮውን ይዛ ነው የምታስወጣው። የመግሪብ ሶላት ሲደርስ ምንጣፏን ትጠቀልላለች፤ ከዚያ በኋላ በር ቢደበደብም አትከፍትም። ብሩ አንድ ዝናባማ ጠዋት በረንዳዋ ላይ ወድቆ ተገኘ። ከጓሮ ክፍል ሰጠችው። ጠዋት ጠዋት ገራባውን፣ ቃሚው የጣለውን ቅጠል ማለቴ ነው፣ ይጠርግላታል። ክኒኑን ከሞላ ጎደል ያስተወችው እሷ ናት። ጫቱን አላስተወችውም፤ እንዴት ታስተወው፣ ሻጯ እሷው! በሽታውንም መድኃኒቱንም ከአንድ መደብ ላይ የምትሸጥ ሴት አይቼ አላውቅም። ባየኋት ቁጥር ይደንቀኛል።

እሑድ በእድሩ ድንኳን የተባለውን ልንገርዎ። ሼህ ይመር ተነሡና "እኔ ዱዓ የማደርገው በቅጠሉ ነው፤ አባቴም አያቴም እንዲሁ። ሐራም ነው የሚሉን ልጆች መጥተዋል፣ ይበሉ። የኔን ዱዓ ግን ማን ነው በድምፅ ብልጫ የሚዘጋው?" አሉ። ከፋብሪካ አብራኝ የምትሠራው ሳሚያ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች። "ዱዓዎ ይድረሰን ሼሁ፤ የኔ ባል ግን ዱዓ አያደርግም! ከዙሁር ሶላት እስከ መግሪብ ግድግዳ ተደግፎ ፎቅ ይሠራል፣ መኪና ይገዛል፣ ዱባይ ደርሶ ይመጣል። ሲመሽ የልጁ ስም ይጠፋበታል። ወላሂ ይዘጋልኝ!" አለች። ሰው ሳቀ። እሷ እንደማትስቅ ሲያይ ሳቁን አቆመ።

በመጨረሻ ከድጃን ተናገሪ አሏት። ቁጭ እንዳለች "መንግሥት ቢዘጋኝ በጓሮ እሸጣለሁ፣ ምን ልዋሻችሁ። ቄሱ ቢገዝቱ ግን እዘጋለሁ። የአላህን ሰው ቃል ረግጬ አላድርም" አለች። እኔ ቃለ ጉባኤ መያዜን ረሳሁ።

አባባ፣ እባክዎ ግዝቱን አይጻፉ። ወይም ከመጻፍዎ በፊት መጥተው ይዩት። ብሩ ከዚያ ቤት ቢወጣ የት እንደሚገባ አላውቅም።

ልጅዎ ሥርጉት

ደሴ፣ ኅዳር ፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለሥርጉት፤

ግዝቱ ከዚህ ጋር ታሽጎ ተልኳል። አልመጣም። አንቺው አንብቢው፤ ፊደሉን ያስተማርኩሽ ለዚህም ይሆናል።

የእኔ ልጅ፣ መቅደስ ያጥን የነበረው፣ ጫት ቤት ይጠርጋል ብለሽ ስትጽፊልኝ ልቤ እንዲራራ ነበር? ያን ክፍል ለሰርክአዲስ አላነበብኩላትም። ሴትዮዋ ደግ እንደሆነች አምናለሁ። ደግነቷ ግን ለልጄ ከቤቱ የሚሻል ማረፊያ ሰጠው፤ ለዚህ ነው ያልመጣው። ያ በር ሲዘጋ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መጠጊያ ያጣ ልጅ ወደ አባቱ ይመለሳል፤ በወንጌልም የተጻፈው እንደዚያው ነው።

ቄስ ወልደ ሚካኤል

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፤

እንኳን ለኅዳር ሚካኤል በሰላም አደረሰዎ። "ተነበበ ወይስ ፈራሽ?" ብለው ለጠየቁኝ፣ ፈርቻለሁ፤ ተነቧልም።

በዋዜማው ድንኳኑ ሞልቶ፣ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። "በዚህ ሰፈር ይህን ቅጠል የሸጠ፣ ይህን ቅጠል በአፉ ይዞ የሰው ደጅ የረገጠ፣ በሊቀ መላእክት በሚካኤል የተገዘተ ይሁን" የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። አባባ፣ አንድ ወረቀት ነው የያዝኩት። ከፖሊስ ጋር ሲሰዳደብ የሚውል ጎረምሳ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ሼህ ይመር እጃቸውን ዘርግተው "አሚን" አሉ፤ ዱዓቸውን የሚያሳጣቸው ቃል ላይ አሚን አሉ! ከድጃ ወጥታ ሄደች። ስንወጣ መደቧ ተነሥቶ፣ በሯ ተዘግቶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ኅዳር ሚካኤል ልማድ ሰፈርተኛው ቆሻሻውን አውጥቶ ሲያቃጥል፣ ከድጃ ምንጣፎቿንና የቀረውን ገራባ ተሸክማ መጥታ እሳቱ ውስጥ ጨመረች። ከቦርከና ወንዝ ወዲህ ያለው ሰፈር በሙሉ በዚያ ጭስ ታጠነ። አሮጊቶቹ ያማትባሉ። ሳሚያ ታለቅሳለች፣ ከደስታ ነው። እኔ ደስ ይበለኝ ይክፋኝ ሳላውቅ አፌን ይዤ ቆሜ አየሁ። ቃል እንዲህ ያለ ጉልበት እንዳለው ስሰማ ነው የኖርኩት፤ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ስለ ብሩ የጠየቁኝን በሚቀጥለው እመልሳለሁ። አሁን ወደ ሥራ መሄጃዬ ደርሷል።

ልጅዎ ሥርጉት

ደሴ፣ ኅዳር ፲፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሥርጉት፤

ደብዳቤሽን ለሰርክአዲስ አነበብኩላት፤ ለደብሩ ካህናትም አነበብኩላቸው። ሁሉም "ዕፁብ ነው" አሉ። ሙስሊሟ ሴት የገዛ ምንጣፏን እሳት ውስጥ መጨመሯን ሳነብ እኔ ራሴ መስቀሌን ተሳለምኩ። ግዝት ስናገር ኖሬያለሁ እንጂ እንዲህ ሲሠራ ሰምቼ አላውቅም። ክብሩ የእኔ አይደለም፣ የመልአኩ ነው።

ሰርክአዲስ የብሩን ፍራሽ ፀሐይ ላይ አውጥታ አስጥታለች። እኔም የግቢውን በር ቀን ቀን ክፍት አደርገዋለሁ፤ ጎረቤት ፍየሎቹን ሊያስገባብኝ ነው። መኪና ወደ ላይ ሲመጣ ድምፁን ባልሰማም አቧራውን አያለሁ።

መቼ ተነሣ? ከማን ጋር ተሳፈረ? ወደ ሥራ መሄጃሽ ደርሶብሽ ያልጻፍሽውን አሁን ጻፊልኝ። የወረቀትሽ ግርጌ ባዶ ነበር፤ ቦታ አጥተሽ አይደለም።

አባትሽ

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኝ መልስ ሳልሰጥ ሰነበትኩ። ከዳነ "ድኗል"፣ ካልሆነም የሆነውን ልጽፍልዎ ነበር የቆየሁት። ድኗል። እቴቴን አስቀምጠው ይህን ቃል አስቀድመው ያንብቡላት።

በግዝቱ ማግስት ብሩ ከከድጃ ጓሮ ወጣ። ሂድ ያለው የለም። ጭሱን ቆሞ አይቶ፣ "አባ እዚህም ደርሰውብኛል" ብሏት በጠዋቱ ሄደ። የሄደው ወደ ደሴ አይደለም። መቃሚያ ያጡት ልጆች ሁሉ የወረዱት ወደ ቦርከና ዳር፣ ከድልድዩ ሥር ነው። እዚያ ዳቦ የሚሰጥ የለም፤ ኪስ የሚፈትሽ የለም፤ ክኒን ይዘው የሚመጡት ግን አሉ። ለእነሱ ግዝትም ሕግም ምን ነው?

የወረደችው ከድጃ ናት። ሰው እየጠየቀች፣ ጭቃውን በጫማዋ እያቦካች፣ ዳር ለዳር ፈልጋ አገኘችው። ክኒን አብዝቶ ወድቆ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር ትላለች። ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት። ዓይኑን እስኪከፍት እኔና እሷ ተራ ገብተን ጠበቅን፤ እሷ በአንድ ወገን ቆማ ትሰግዳለች፣ እኔ በሌላው ወገን ቆሜ እጸልያለሁ። አሁን እሷው ቤት ተኝቷል። "ግዝቱ አይከለክልሽም?" ብላት ምን አለችኝ መሰለዎ? "ቄሱ ጫት አትሽጪ ነው ያሉኝ፤ ልጄን አታስገቢ አላሉኝም።"

ሌላውንም እውነት ልንገርዎ፣ አለዚያ ለአንድ ወገን ያደላሁ ይመስልብኛል። የሳሚያ ባል ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ይውላል። ትናንት ልጁን አቅፎ ፋብሪካ በር ላይ ሲጠብቃት አየሁት። "ቄሱን እጃቸውን ሳሚልኝ" ብላኛለች። አንዱ ቃልዎ ለአንዷ ባል መለሰ፤ ያው ቃል የእቴቴን ልጅ ሊወስድ ነበር። ይህን የትኛው ሚዛን ላይ እንደማስቀምጠው አላውቅም። እርስዎ ካህን ነዎት፤ እርስዎ ይንገሩኝ።

በተቆጣሁበት ቦታ ይቅር ይበሉኝ።

ሥርጉት

ደሴ፣ ኅዳር ፳፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ልጄ ሥርጉት፤

አልተቆጣሽም። ብትቆጪም ይገባሻል።

ሰርክአዲስ ማንበብ አትችልም፤ ደብዳቤሽን ግን ከእጇ አላስቀምጥ አለች። የሚዛኑን ጥያቄሽን ይዤ ቅዳሜ ከጸጋው ጋር እወርዳለሁ። ለማንም አትናገሪ፤ አቀባበል አልፈልግም።

አባትሽ

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፤

በሰላም መግባትዎን ጸጋው ነግሮኛል። በእሱ አፍ የላኩብኝንም ጥያቄ ነግሮኛል።

"ምን ነበር ያለው?" ብለው ጠየቁኝ። ቅዳሜ ዕለት እርስዎ የከድጃ በር ላይ ቆመው "ቅጠሉን ተወው፤ እፈታሃለሁ፣ ወደ ቤትህም ትገባለህ" ሲሉት፣ ብሩ አቀርቅሮ ብዙ ተናገረ። ከንፈሩን ብቻ እንዳዩ፣ በሰው ፊት "ድገመው" ማለት እንደከበደዎ እኔ አውቄ ነበር። ጋቢዎን ሰብስበው ሲወጡ እሱ እምቢ የተባለ መሰለው። እኔም በሰው መሀል ጆሮዎ ላይ መጮኹን ፈርቼ ዝም አልኩ። ያለውን ይኸው ቃል በቃል፣ ከድጃም ምስክሬ ናት፦

"አባ፣ ግዝቱን አላፈረስኩም። ቅጠሉን ይዘህ ደጄን እንዳትረግጥ ነው ያሉኝ። ቅጠሉን መጣል አቃተኝ፤ ደጁን መተው ቻልኩ። የቻልኩትን ጠብቄያለሁ። ስንት ጊዜ ሰኞ ገበያ ድረስ መጥቻለሁ። እማዬን ሽንኩርት ስትመርጥ በሩቅ አይቻታለሁ፤ ጉንጬ ውስጥ ስለነበረ አልጠራኋትም። አሁን ከክኒኑም ከሐሺሹም ወጥቻለሁ፤ ከጫቱ ግን ገና ነኝ። ተውኩ ብዬ ብገባ በሚካኤል ስም ዋሽቼ መግባቴ ነው። ከነድካሜ ከፈቱኝ እመጣለሁ። ካልሆነም እስካሁን እንደጠበቅኩት ጠብቄው እኖራለሁ።"

ያለው ይህን ነው። ከድጃ "ያ ረቢ፣ እንዲህ ያለ መሐላ ጠባቂ በሱስ ይያዝ?" ብላ ፊቷን ሸፈነች። እኔ አብሬው አድጌ፣ ለምን እንደማይመጣ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ጋሽ ገበየሁ እድሩ እንደገና ሊነጋገር ነው ይላል፤ ግማሹ "ቄሱ ይፍቱትና ይከፈት፣ በዓይናችን ሥር ይሻላል"፣ ግማሹ "ከተፈታ ነገ ያው ነው" እያለ። ሳሚያ እንዳይፈቱት ትለምንዎታለች። ከድጃ አሁን ሻይና ዳቦ ትሸጣለች። ልጆቹ ከሌላ ሰፈር ቅጠሉን በጉንጫቸው ይዘው ይመጡና ግዝቱን ፈርታ ደጅ ታስቀምጣቸዋለች፤ ዳቦውን በመስኮት ትሰጣቸዋለች። "የኔን ደጅ ቢረግጡ ማን ላይ ነው የሚደርሰው? ቄሱን ጠይቂልኝ፣ አንቱ ያሉትን አደርጋለሁ በያቸው" ብላኛለች።

ልጅዎ ሥርጉት

ደሴ፣ ታኅሣሥ ፲፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሥርጉት፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ለከድጃም ሰላም ይሁን፤ ስሟን በቅዳሴ መካከል በልቤ አነሣሁት፣ ይህን ለካህናቱ አትንገሪብኝ።

ደብዳቤሽን ከጸጋው የተቀበልኩት ሰኞ ገበያ ነው። ቤት እስክደርስ አልታገሥ ብሎኝ ሽንኩርት ሻጮቹ መሀል ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ቀና ብዬ፣ ቆሞ እናቱን ያየባት ቦታ የትኛዋ ትሆን ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ሰው ይገፋኛል፣ አህያ ይገፋኛል፤ አልተንቀሳቀስኩም። በዚህ ዕድሜዬ ስንቱን ገዝቻለሁ፣ ስንቱንም ፈትቻለሁ። እንደ እሱ አድርጎ ግዝት የጠበቀ አንድ ሰው አላውቅም። እኔ አፍርሶታል ብዬ ሳዝን፣ እሱ በረሃብም በብርድም ሲጠብቀው ኖሯል። ግዝቱ ቅጠሉን ይከለክልልኛል ብዬ ነበር፤ ልጄን ከለከለኝ። የፈራሁትም የተደነቅሁትም ባንድ ላይ ሆኖብኝ፣ እዚያው ገበያ መሀል አማተብኩ።

በማግስቱ በጸጋው ቃል ላክሁበት፤ "እንዳለህ ና" የሚል ነው። ሌላ አልጨመርኩም።

ትናንት በሚካኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ መልስ መጣ። ከበሩ ውጭ ቆመ፤ በሩ ክፍት ነው። ጉንጩ ያበጠ ነበር። ከጉንጩ ወደ ዓይኑ እያየሁ "ተውከው?" አልኩት። መስማት እንደማልችል አሁን አውቋል፤ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀልኝ። ትንሽ ቢዋሸኝ ኖሮ አላውቅበትም ነበር። መስቀሌን አውጥቼ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ብዬ ግንባሩን ባረክሁት። አሁንም አልገባም፤ እግሩ እምቢ አለው። እኔ ወጣሁ። እጁን ይዤ፣ ከነጉንጩ፣ ይዤው ገባሁ። ሰርክአዲስ አፏን ከፍታ እጇን ስታወዛውዝ አየሁ፤ እልልታ ሳይሆን አይቀርም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል።

ለገበየሁ እንዲህ በይው። የመሸጡን ግዝት አላነሣሁም፤ ሳሚያ እንዳታለቅስብኝ። ሕግም ይከልክለው ዛሬም እላለሁ። "ደጅ የረገጠ" የሚለውን ግን አንሥቻለሁ፤ ያ ቃል ወንዝ ዳር የሚያወርድ ቃል ነው። ከድጃ ልጆቹን አስገብታ ታብላቸው፤ በእሷ ላይ የሚደርስ ቢኖር በእኔ ላይ ይድረስ። እድሩ ከዚህ የተሻለ ካወቀ ይምከርበት። እንዲህ ማድረጌ ይበጃል አይበጅም፣ እኔም አላውቅም፤ ዱሮ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ረፋድ ነው። የምጽፍልሽ ከግቢው ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ነው። ብሩ አጠገቤ ፀሐይ ይሞቃል። ቀደም ሲል ሰርክአዲስ የምትፈጨውን ትታ፣ ወደ እሱ ዞራ ስትቀር አየሁና ግራ ገባኝ። ከንፈሩን አየሁ፤ ይንቀሳቀሳል። እጄን ጀርባው ላይ አኖርኩ። ከውስጡ እየተንቀጠቀጠ ወደ መዳፌ ይመጣል። እያዜመ ነው፤ የሚካኤልን። ሲወርድና ሲወጣ በእጄ አወቅሁት፣ አንድም አልሳተ።

ቅጠሉ ጉንጩ ውስጥ ነው። በግራ እጄ ነው የምጽፍልሽ፤ ለፊደሉ መበላሸት ይቅር በይኝ። ቀኙን ከጀርባው ላይ ማንሣት አልቻልኩም።

አባትሽ ቄስ ወልደ ሚካኤል